ሥሩ ወደ ላይ የዞረ ሣር

አንድ ፍርዳቸው ፈጣን ነው ተብለው የሚመሰገኑ ዳኛ ነበሩ። ምስጋናውን ደግሞ ይወዱት ነበር።

አንድ ቀን ደብሪቱ የምትባል ሴት ባሏን ገድላለች ተብላ ተከሰሰች። ባሏ ለንግድ እንደወጣ ከቀረ ቆይቷል። በጓሮዋ የውሃ ጉድጓድ ሲቆፈር ደግሞ የሰው አፅም ተገኘ። የባሏ ወንድም ዳኛውን ከተቆፈረው የአፈር ክምር ፊት አቆማቸው።

"ይመልከቱ ጌታዬ! ይህን ቀይ ደለል ያመጣው ጎርፍ ደብሪቱ ለወንድሜ ከመዳሯ በፊት የወረደ ነው፤ አገር ያውቀዋል። በክምሩ ውስጥ አፅሙ ያለው ከደለሉ በላይ ነው። ታች ያለው ይቀድማል፣ ላይ ያለው ይከተላል። ታዲያ ከጎርፉ ወዲህ እዚህ የተቀበረው ከወንድሜ ሌላ ማን ነው?"

ሕዝቡ "ትሰቀል!" እያለ ጮኸ። ገመዱም ተዘጋጅቷል።

"አልገደልኩም ጌታዬ፤ ሌላ የምለው የለኝም" አለች ደብሪቱ።

ዳኛው ሊፈርዱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ዓይናቸው ግን ከክምሩ ግርጌ ቀረ። ከደለሉ በታች ለምለም ሣር ተጨፍልቆ፣ ሥሩ ወደ ላይ ዞሯል።

"ሣር ከመቼ ወዲህ ነው ከምድር ሆድ የሚበቅለው?" አሉ።

ያን ጊዜ ነገሩ ገባቸው። ክምሩ በአካፋ የተዛቀ ነው፤ መጀመሪያ የተነሳው የላይ አፈር ታች ወድቋል፣ መጨረሻ የወጣው ከላይ ተከምሯል።

ኩታቸውን ሰብስበው ራሳቸው ጉድጓዱ ውስጥ ወረዱ። የአፅሙ እኩሌታ ገና ከግድግዳው አልወጣም። ከእሱ በላይ ቀዩ ደለል እንደ መቀነት ሳይቆረጥ አልፏል። ከጎርፉ በኋላ ሬሳ የቀበረ ሰው ቢኖር ኖሮ፣ ሲቆፍር ደለሉን መቁረጡ አይቀርም ነበር።

"ይህ ሰው የተቀበረው ከጎርፉ በፊት ነው! ደብሪቱ ያኔ ገና አልተዳረችም፤ ባሏም በሕይወት ነበር። ፍቷት!" ብለው ከታች ጮኹ።

ከዚያ ወዲያ ፈጣን ዳኛ ብሎ ያመሰገናቸውን ሰው ይቆጡት ጀመር።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። ታች ያለው ይቀድማል ማለት እውነት ነው፤ እውነት የሚሆነው ግን እጅ ባልነካው መሬት ነው። ወሬም ከአፍ ወደ አፍ ሲዛቅ ላዩ ታች፣ ታቹ ላይ ይሆናል። እርስዎስ ዛሬ በልብዎ የፈረዱበትን ሰው ነገር ያዩት ከክምሩ ነው ወይስ ከጉድጓዱ?