አያ ዝንጀሮ የጣለው ገል

በድሮ ዘመን፣ ስሙን ዛሬ ማንም በማያስታውሰው አገር፣ አያ ዝንጀሮና እመት ጃርት ጎረቤት ነበሩ።

አያ ዝንጀሮ አሮጌ ነገር አይወድም። ቅሉ ሲሰነጠቅ፣ ልብሱ ሲነትብ፣ «አሮጌ ከቤቴ ይውጣ» ብሎ ከአጥር ውጭ ይወረውራል። እመት ጃርት ከልጆቿ ጋር ትለቅመዋለች። ከቅሉ ጭልፋ ይቀርጻሉ፤ ከቡትቶው አሻንጉሊት ይሰፋሉ። ዝንጀሮ በደጃቸው ባለፈ ቁጥር የእሱን ጥራጊ እቃ ብለው መደርደራቸውን እያነሳ ይስቅባቸዋል። የእመት ጃርትም መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው።

«የተሰበረ አይጣልም፣ ስሙ ይለወጣል።»

አንድ ቀን አያ ዝንጀሮ እንስራው ተሰበረበት። «አሮጌ ከቤቴ ይውጣ» አለና ገሉን በእግሩ ገፍቶ ጣለው።

ክረምት ገባ። ጎርፍ ቤቱ ገብቶ ምድጃውን አጠፋው። ሚስቱ አራስ ናት፤ ግልገሉ በብርድ እየተንቀጠቀጠ አለቀሰ፣ ኋላም ማልቀሱን ተወ። ይህን ጊዜ ዝንጀሮ ፈራ። ሚስቱም እሳት የሚገኘው ጃርት ቤት ብቻ መሆኑን ነገረችው።

ዝናቡ ፋታ ሲሰጥ አዲሱን ሰፌድ ይዞ ሄደ። ጃርት በሰፌድ እሳት እንደማይጫር ብትነግረውም፣ «አዲስ ነው፣ ይችላል» ብሏት ፍም ጭሮበት ወጣ። መንገድ ላይ ሰፌዱ መሀሉ ተቃጠለና ፍሙ ጭቃ ውስጥ ገባ። ሮጦ ቢያነሳው መዳፉን ጠበሰው። ልጆች፣ ፍም በእጅ አይነካም፤ እናንተ እንዳትሞክሩ።

አንገቱን ደፍቶ ወደ ጃርት ቤት ተመለሰ። የጃርት ትንሿ ልጅ አንድ ገል አመጣች። ዳር ዳሩ በቀይ አፈር ተቀብቷል፤ መያዣው በቡትቶ ተጠምጥሟል። አመድ አነጠፈችበትና ፍሙን በላዩ አደረገች።

ዝንጀሮ አየት አደረገው። «ይሄ የኔ እንስራ አይደለም እንዴ?»

«ነበር፣ አያ ዝንጀሮ» አለች ልጅቷ። «አሁን የእሳት መጫሪያ ነው። ስትጨርስ መልስልን፤ እንዳትጥለው።»

ዝንጀሮ ዝናቡ ሳይቀድመው ቤቱ ደረሰ። እሳቱ ነደደ፤ ግልገሉም ሞቀውና ጡት ፈልጎ አለቀሰ።

በማግስቱ ዝንጀሮ ገሉን አጥቦ መለሰ። በሌላ እጁ መሀሉ የተቃጠለውን ሰፌድ ይዟል። ከልጆቹ አጠገብ ቁጢጥ አለና ቀስ ብሎ ጠየቀ።

«ለዚህስ ምን ስም ይወጣለታል?»

ልጆቹ እየሳቁ ቦታ ለቀቁለት።

ለዚህ ነው የጥንት ሰዎች፦ «ገሉን የጣለ ሰው፣ ፍሙን በምን ያምጣው» የሚሉት።