ጉም ውስጥ የተሰማው ጊታር

በአንድ ወቅት፣ ስልክ ገና በየሰው ኪስ ባልገባበት ዘመን፣ ጣና ዳር ባለች ትንሽ ከተማ ፍታለው የሚባል የኤሌክትሪክ ጊታር ተጫዋች ነበር። ጊታሩ አንድ፣ ልጆቹ ሦስት ናቸው። ጊታር አይከፋፈልምና፣ በእግር እየተረገጡ ድምፁን የሚለውጡትን ሦስት ፔዳሎች አካፈላቸው። ለበኩሩ ለደምለው ዲስቶርሽኑን ሰጠው፤ ድምፅ የሚያሻክርና የሚያወፍር ነው። ለገበያነሽ ኤኮውን ሰጣት፤ አንዴ የተመታውን እያሳሳ ይደጋግማል። ለመጨረሻዋ ለትርንጎ ዋዋው ደረሳት፤ ሲጫኑት የታፈነው ድምፅ ቀስ ብሎ እንደሚከፈት አፍ ይከፈታል።

አንድ ክረምት ፍታለው ደሴት ላይ ለቅሶ ሊደርስ በጀልባ ተሻገረ። በማግስቱ ማለዳ ከአሥራ አንድ ሰዎች ጋር ሲመለስ ጉም ወረደ። ጀልባዋ በሰዓቷ አልደረሰችም። ዳር የቆመ ሰው የዘረጋውን እጁን አያይም፤ የሚሰማው የጉማሬዎች ማጉረምረም ብቻ ነው።

እናታቸው አትጠገብ፣ «ድምፅ አሰሟቸው እንጂ! ምን ትጠብቃላችሁ?» አለች። ልጆቹ ጊታሩን፣ ፔዳሎቹንና የድምፅ ማጉያውን ተሸክመው ወደ ሐይቁ ዳር ወረዱ፤ ከአንዲት ሱቅ መብራት ሳቡ።

ደምለው ክሩን መታ። ድምፁ ቀጭን ነበር፤ ውኃው ላይ ሞተ። ዲስቶርሽኑን ሲረግጥ ግን ድምፁ ተቀደደ፣ ወፈረ፣ ሳይከስም ረጅም ጊዜ ቆየ። ከሩቅ የሰው ጩኸት መለሰለት።

«ሰሙን!» አለ ደምለው።

ጩኸቱ ግን እየራቀ ሄደ። ተሳፋሪዎቹ በኋላ እንደተናገሩት፣ ሞተሩ ጠፍቶ በመቅዘፊያ ነበር የሚሄዱት። ጀልባ ነጂው አበጀ ያን ግሳት ሲሰማ «ጉማሬ ነው!» ብሎ ጀልባዋን ማዕበል ወደሚያላትምበት ገደል በኩል አዞራት።

ገበያነሽ «እየሸሹ ነው፣ ስጠኝ!» ብላ ጊታሩን ነጠቀችው። የወንድሟን ፔዳል ሳታጠፋ የራሷን ቀጠለችበት። አንድ ምት አራት ጊዜ፣ እየደከመ ተመለሰ። ገደሉ ሥር ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ፍታለው ብድግ አለ። «ጉማሬ እንዲህ እየደጋገመ አይጮህም። የእኔ ጊታር ነው፤ ልጆቼ ናቸው!» አለ። ጀልባዋ ተመለሰች። ነገር ግን ድምፁ በድምፅ ላይ እየተደራረበ ከየት እንደሚመጣ ጠፋቸው። ይዞሩ ጀመር። ጀልባዋም ውኃ ታስገባ ነበር።

ትርንጎ ጩኸታቸውን አንዴ ከግራ፣ አንዴ ከቀኝ ሰማች።

«እታለም፣ ኤኮውን አጥፊው።»

«ካጠፋሁት እንደገና ቢሸሹስ?»

«አጥፊው!»

ጠፋ። ትርንጎ ጊታሩን ተቀብላ ዋዋውን ተጫነች። ድፍኑ ድምፅ ተከፍቶ ስለታም ሆነ፤ ያለበት ቦታ ለጆሮ ታወቀ። ፍታለው ጀልባዋ አፍንጫ ላይ ቆሞ በእጁ አመለከተ፤ «በዚያ! ቀጥ በል!»

ቀጥ ብለው መጡ። በዚያ መስመር ላይ ውኃ ውስጥ የተደበቀ ድንጋይ አለ። ሦስቱም ልጆች ያውቁታል፤ በዚያች ሰዓት አንዳቸውም አላሰቡትም። ጀልባዋ ገጨችው። አሥራ አንዱን በገመድ ጎትተው አወጧቸው። ፊት የቆመው ፍታለው ግን ድንጋዩ ላይ ወድቆ ነበር፤ ሲደርሱለት አይተነፍስም።

በሐዘኑ ድንኳን ውስጥ ክርክር ተነሣ። አበጀ «ደምለው ባያስጮኸው ዳር የት እንዳለ ሳናውቅ እንሰጥም ነበር» አለ። አንዲት መነኩሲት «ከገደሉ የመለሰችን ገበያነሽ ናት» አሉ። ሌላው «ያደረሰችን ትርንጎ ናት፤ ያለ እሷ ስንዞር እንሞት ነበር» አለ።

የፍታለው ወንድም ሁሉንም ሰምቶ ቀና አለ። «አንዱ አባረራችሁ፣ አንዷ አዞረቻችሁ፣ አንዷ ወንድሜን ድንጋይ ላይ ጣለችው» አለ።

ትርንጎ ተነሥታ ወጣች። ደምለውና ገበያነሽ መሬት መሬት ያያሉ።

አትጠገብ ጊታሩን ጉልበቷ ላይ አጋድማ፣ «ሦስቱም ልጆቼ ናቸው። የሚይዘው አንድ ሰው ነው፤ ለማን ልስጠው?» አለች።

እናንተ እዚያ ድንኳን ውስጥ ብትኖሩ፣ ጊታሩን ለማን ስጪ ትሏት ነበር?