አንጓችና የውሃው አበባ

በድሮ ዘመን፣ እንቁራሪት ከሰው ጋር ቁጭ ብላ በምትማከርበት ዘመን፣ አንጓች የምትባል አንዲት ሴት ነበረች። አንጓች ጎበዝ ነበረች። አንጓች ደግ ነበረች። አንጓች ግን ፈሪ ነበረች። ፈሪ ስላችሁ ጅብ የምትፈራ እንዳይመስላችሁ፤ ጅብስ ዱላ አንስታ ታባርር ነበር። የምትፈራው ለልጇ ነው።

ልጇ ብርቄ ትባላለች። የአንጓችን ባል ወባ ወሰደባትና ከእሱ ሁለት ነገር ብቻ ቀራት። አንዱ ብርቄ፣ ሁለተኛው በጓሮ የቆፈረላት ኩሬ። በበጋ በዚያ አገር ሌላ ውሃ የለም፤ ስለዚህ አንጓች ኩሬውን ልድፈነው ብትልም አትችልም።

«ልጄ እዚያ ውስጥ ትገባብኛለች» ትልና በአንቀልባ ታዝላታለች። ስትፈጭ ታዝላታለች። ስትኮተኩት ታዝላታለች። እንጨት ስትለቅም ታዝላታለች። እንዲህ ስትል ብርቄ ሦስት ዓመት ሞላት። አፏ ተፈታ፣ ጥርሷ በቀለ፣ እግሯ ግን መሬት ረግጦ አያውቅም። እንደ ሸንበቆ ቀጥኖ ከእናቷ ወገብ በታች ይወዛወዛል።

አንድ ቀን ጎረቤቷ እትዬ ትርንጎ በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ።

«አንጓች፣ ለሠርጓም አዝለሽ ልትወስጃት ነው? ለሙሽራው በቅሎ አያስፈልግም በይው፤ እናቷ አለች!»

«ይሳቁብኝ፣ እትዬ፣ ይሳቁ።»

«አሁንስ አልሳቅኩም። እግር ካልሄዱበት መሄድን ይረሳል። አንድ ክረምት ከተጨመረባት ይቺ ልጅ አትቆምም።»

ይቺ ቃል የአንጓችን ልብ ወጋችው። ኩሬው ዳር ሄዳ አለቀሰች። ያን ጊዜ አንዲት እንቁራሪት ከውሃው ራሷን አወጣች።

«ምን ሆነሽ ነው ውሃዬን በእንባሽ ጨው የምታደርጊው?»

«ልጄ አትሄድም፣ እመት እንቁራሪት።»

እንቁራሪቷ ዓይኗን ገለባበጠች። የራሷ ጉዳይ ነበራት፤ እሱን ኋላ ትሰሙታላችሁ።

«መድኃኒቱን አውቃለሁ» አለች። «ትልቁ ሐይቅ ላይ የውሃ አበባ አለ። ሥሩን አምጥተሽ እዚህ ትከይው። አበባው የፈነዳ ዕለት ልጅሽ ትሄዳለች።»

አንጓች ብርቄን አዝላ አንድ ሙሉ ቀን ተጓዘች። ሐይቁ ዳር ስትደርስ ግን ድካሟን ረሳችው። ሰፌድ ሰፌድ የሚያክል ቅጠል ውሃው ላይ ተኝቷል። በመሃል በመሃሉ ደግሞ አበባ ቆሟል። እንዴት ያለ አበባ መሰላችሁ! የማለዳ ሰማይ ቁራጭ ወድቆ የቀረ ይመስላል።

አንድ ዓሣ አጥማጅ ታንኳው ላይ ተቀምጦ ነበርና ጠየቀችው።

«ወንድሜ፣ ይሄ ከምን ነው የሚበቅለው?»

«ከጭቃ።»

«ከጭቃ?»

«ከጭቃ፣ እህቴ። እኔም አርባ ዓመት አየሁት፣ አርባ ዓመት አልገባኝም።» ብሎ እጁን ወደ ጥልቁ ሰደደና እንደ ዝንጅብል የተጣመመ ሦስት ሥር አውጥቶ ሰጣት።

አንጓች አገሯ ገባች። ጎመንም ቃሪያም በፍግ ነው የሚያምረው ብላ የመጀመሪያውን ሥር በፍግ ቀብራ ከዳር ሆና ኩሬው ውስጥ አስገባችው። ውሃው አረንጓዴ ሆነ። ውሃው ሸተተ። ሥሩም በሰበሰ።

እንቁራሪቷ እያሳላት ወጣች። «አንቺ ሴትዮ፣ ጎመን መሰለሽ እንዴ? የምኖርበት ቤት እኮ ነው!»

ውሃው እስኪጠራ ጠበቀች። ሁለተኛውን ሥር ድንጋይ ላይ አስራ ወደ መሃል ወረወረችው። አንድ ሳምንት ጠበቀች፣ ምንም። ሁለት ሳምንት ጠበቀች፣ ምንም። ሦስት ሳምንት ጠበቀች፣ ምንም።

«ቅጠሉ ብርሃን ፍለጋ ወጣ፣ ወጣ፣ ወጣ፤ መንገድ ላይ ሞተ» አለች እንቁራሪቷ። «ሕፃን ቅጠል በአንዴ ጥልቅ ውስጥ ይጣላል?»

አሁን የቀረው አንድ ሥር ነው። አንጓች ሥሩን ይዛ ኩሬው ዳር ተንበረከከች።

«እንግዲያው ንገሪኝ፣ እመት እንቁራሪት። ሌላ የለኝም።»

«አሁን ጠየቅሽኝ! ቅርጫት አምጪ። መረሬ፣ ያን ጥቁሩን አፈር፣ ሙዪበት፤ ፍግ ወዲያ! ቡቃያውን ወደ ላይ አድርጊና ትከይ፣ አፈሩ እንዳይታጠብ ጠጠር ጫኚበት። ውሃው ወገብሽ የሚደርስበት ቦታ ላይ ሦስት ድንጋይ ደራርበሽ ቅርጫቱን ከላይ አስቀምጪ። ቅጠሉ ሲዘረጋ አንድ ድንጋይ ታወጫለሽ። ደግሞ ሲዘረጋ ሌላ። እምቡጡ ብቅ ሲል የመጨረሻውን። ቀስ እያለ ይወርዳል፣ ጥልቁን ቀስ እያለ ይለምዳል።»

«እዚያ ውስጥ ገብቼ ባጎነብስ ብርቄን ውሃው ይውጣታል። ማን ይይዝልኛል?»

«እኔ ልዘላት ታዲያ?» አለች እንቁራሪቷና ጠለቀች።

አንጓች ሥሩን እንደተነገራት ቅርጫት ውስጥ ተከለችና እትዬ ትርንጎን ጠራች። እሳቸውም ቀሚሳቸውን ሰብስበው ገቡና ድንጋዩን ደረደሩላት፣ ቅርጫቱን አስቀመጡላት። ሲወጡ ግን ወገባቸውን ይዘው «ሁለተኛ እንዳትጠሪኝ! ከዚህ ወዲያ ራስሽን ቻይ» አሉ።

ጥቂት ቀን አለፈ። እንደ ክታብ የተጠቀለለ ቀይ ቅጠል ብቅ አለ፣ ተፈታ፣ ውሃው ላይ ተዘረጋ። አንጓች ብርቄን ከአንቀልባው አውርዳ በመቀነቷ ኩሬው አጠገብ ካለው የኮክ ዛፍ ጋር አሰረቻት። ሮጣ ገባች፣ ድንጋዩን አወጣች፣ ሮጣ ተመለሰች። ልጅቷም አለቀሰች፣ እናቷም አለቀሰች።

ሁለተኛው ቅጠል ተዘረጋ። አሰረቻት፣ ገባች፣ ሁለተኛውን ድንጋይ አወጣች። ስትመለስ ብርቄ አላለቀሰችም። በአፈር ትጫወታለች። ዛፉን ይዛ በጉልበቷ ተነሥታለች።

ብርቄ በየቀኑ ዛፉን ይዛ መቆም ከለመደች በኋላ፣ አንድ ማለዳ እምቡጡ ታየ። ሹል ነው፣ ዝግ ነው፣ ውሃ አልነካውም። አንጓች ልትገባ ስትል ቀሚሷ እግሯን ጠለፋት፤ መቀነቱን ለራሷ ታጠቀችው። ብርቄን ዛፉ ሥር ሳታስራት አስቀመጠቻት።

«እንዳትነቃነቂ እናቴ፣ መጣሁ።»

ገባች። አጎንብሳ ቅርጫቱን በአንድ ክንዷ አነሣች፣ በሌላ እጇ ድንጋዩን ያዘች። ይህን ጊዜ ፀሐይ በአጥሩ ላይ ወጣችና እምቡጡን ነካችው።

ልጆች፣ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ? ድምፅ አልነበረውም። አንዱ የአበባ ቅጠል ተላቀቀ። ሌላው ተላቀቀ። ሌላው ተላቀቀ። ያ ሰማያዊ ነገር ከጥቁር ጭቃ ወጥቶ፣ አንዲት የጭቃ ጠብታ ሳይኖርበት፣ በልቡ ወርቅ ይዞ ተከፈተ።

አንጓች ቀና ስትል ብርቄ ቆማለች። ዛፉን ለቃለች። ዓይኗ አበባው ላይ ነው።

አንድ እርምጃ።

አንጓች ልትጮኽ አፏን ከፈተች። «ብትጮኺ ትደነግጣለች፣ ደንግጣም ትወድቃለች» አለች እንቁራሪቷ በጆሮዋ። «ዝም በይና እጅሽን ዘርጊ።»

ቅርጫቱን ቀስ ብላ ኩሬው ወለል ላይ አሳረፈችው። እጇን ዘረጋች።

ሁለት እርምጃ። ሦስት እርምጃ። ብርቄ ውሃው አፋፍ ላይ ደረሰች፣ በራሷ ቆመች፣ በራሷ ቁጭ አለች።

«እማ፣ ተከፈተ» አለች።

አንጓች ወጥታ አቀፈቻት። «መድኃኒትሽ ሠራ፣ እመት እንቁራሪት!»

እንቁራሪቷ እስክትገለበጥ ሳቀች። «የምን መድኃኒት! ኩሬሽ ጥላ አልነበረው። ፀሐይ እንቁላሎቼን እየቀቀለች ፈጀችብኝ። ቅጠል ፈልጌ ነው የዋሸሁሽ። ልጅሽን ያስኬዳት መውረዷ ነው።»

«አታለልሽኝ?» አንጓች የያዘችውን ድንጋይ ወደ ላይ አነሣች።

«አታለልኩሽ። አንቺ ለአንድ ልጅ ሦስት ዓመት ጎበጥሽ፤ እኔ ለሺህ ልጅ አንድ ውሸት ዋሸሁ። እናት አይደለሁም?»

አንጓች ድንጋዩን አወረደችው።

«እንግዲያው ፍርድሽን ስሚ» አለች። «ቅጠሉ ቤትሽ ይሁን። ለውሸትሽ ግን ይህን ትከፍያለሽ፤ ሰው ወደ ኩሬ በተጠጋ ቁጥር እናት እንድትሰማ ጧ ብለሽ ትዘያለሽ።»

ይኸው እስከ ዛሬ እንቁራሪት ሰው ሲጠጋ ጧ ብላ ውሃ ውስጥ የምትዘለው የአንጓች ፍርድ ስላለባት ነው። እናንተ ግን እሷን ተማምናችሁ ትልቅ ሰው ሳይኖር ውሃ ዳር እንዳትሄዱ፣ እሺ?

ከዚህ የምንማረው፣ ልጅን ማዘል ፍቅር ነው፣ ማውረድም ፍቅር ነው። በአንዴ የጣለ ይገድላል፣ ጨርሶ ያላወረደ ያሰንፋል፤ ድንጋይ በድንጋይ ያወረደ አበባ ያያል።

ተረቱን ከአፌ ወደ ጆሯችሁ አሻገርኩት፤ እናንተ ደግሞ ለታናናሾቻችሁ አሻግሩት።