አያ ጅቦ የነከረው ግብጦ

አንድ ጊዜ፣ አውሬ ሁሉ ቤት ሠርቶ፣ የእጅ ባትሪ ገዝቶ፣ ከጎረቤቱ ጋር እየተጣላና እየታረቀ በሚኖርበት ዘመን፣ ከአንድ ኮረብታ ሥር አንድ መንደር ነበረ። መንደሩ ብዙ ነገር ይጎድለዋል። ምንጭ ግን ነበረው፤ ያውም ኩልል ያለ፣ ጥርስ የሚያደነዝዝ ቀዝቃዛ ምንጭ። ሌላ ውሃ ያማረው ሁለት ሰዓት ሙሉ ቁልቁል ወርዶ ወንዝ ይቀዳል።

የመንደሩ ሹም አያ አንበሶ አንድ ሕግ አውጥቶ ነበር። ያለቀ የባትሪ ድንጋይ፣ የተሰበረ አምፖል፣ ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት፣ የትኋን መርዝ የቀረበት ጠርሙስ፣ ይህ ሁሉ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሜዳ ላይ አይጣልም። በማዳበሪያ ከረጢት ይጠራቀምና ተረኛው ተሸክሞ ኮረብታው ላይ ወዳለው፣ በሲሚንቶ ወደ ተለሰነው ባለ ክዳን ጉድጓድ ይወስደዋል። መንገዱ ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው።

ያን ቀን ተረኛዋ እመት ቀበሮ ነበረች። እሷን ደግሞ ታውቋታላችሁ፤ ለተንኮል ሲሆን አገር ታቋርጣለች፣ ለሥራ ሲሆን ወገቧን ያማታል። ከረጢቱን እየጎተተች ከበሯ አሥር እርምጃ እንደ ራቀች ቁጭ አለችና ማን ላይ ልጫነው እያለች ስታስብ፣ አያ ጅቦ አፍንጫውን ቀስሮ ከች አለ።

«እመት ቀበሮ፣ ምን ይዘሻል? ሲንኳኳ ሰማሁ።»

«አጥንት ነው።»

ጅቦ ምራቁን ዋጠ። «የምን አጥንት?»

«የ... የብረት አጥንት። ከሩቅ አገር የመጣ ነው። ለራሴ ላስቀምጠው ብዬ ነበር፤ ግን አንተ ጎረቤቴ ነህ፣ ሰሞኑን ደግሞ በጣም ከስተሃል።»

ጅቦ አልከሳም። እንዲያውም ሆዱ መሬት ሊነካ ትንሽ ነበር የቀረው። ነገር ግን «ከስተሃል» ሲሉት ደስ ይለዋል፤ ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ሁልጊዜ ምግብ ነውና። ወዲያው ከከረጢቱ አንድ የባትሪ ድንጋይ አውጥቶ ቀረጠፈው። ፊቱ ተጨማደደ፣ ጆሮዎቹ ተንቀጠቀጡ፣ ምላሱ ወጥቶ አልመለስ አለ።

«ቱ! ቱ! ይኼ ነገር ይመራል!»

«አዬ አንተ!» አለች ቀበሮ። «ግብጦስ መጀመሪያ ላይ ይመር የለ? መራራ ነው ብሎ ግብጦውን የጣለ አይተህ ታውቃለህ?» ይህን ብላ ቤቷ ገባችና ለጥ ብላ ተኛች።

ግብጦ ጥሬው ሐሞት ነው። በከረጢት ታስሮ የሚፈስ ውሃ ውስጥ ቀናት ካልቆየ አይበላም። ጅቦ ሞኝ ቢሆንም እናቱ ያሳደገችው ልጅ ነውና ይህን ያውቃል። ከረጢቱን ጥርቅም አድርጎ አሰረና አዘለው። በመንደሩ የሚፈስ ውሃ ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ወስዶ ምንጩ ውስጥ ዘፈዘፈው፤ እንዳይንሳፈፍም ድንጋይ ጫነበት፤ ከዚያም ሌባ እንዳይነካበት አጠገቡ ተቀመጠ።

እኩለ ቀን ላይ እመት አህያ ጄሪካኗን ይዛ ብቅ አለች። ጅቦን ስታይ እግሯ ተሳሰረ።

«አትፍሪ፣ ቅጂ!» አላት ጅቦ። «ግብጦዬን ብቻ እንዳትነኪ።»

«የምን ግብጦ? ማን ሊበላው?»

«እኔ ነኛ!»

አህያ ጄሪካኗን ጣለችና እልልታዋን አቀለጠችው። «ጅብ ጥራጥሬ መብላት ጀመረ! ስለቴ ደረሰ! እናንተ ሰዎች፣ ኑ እዩልኝ!»

መንደሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ቀበሮም በእልልታው ተቀሰቀሰችና በበሯ የሚሮጠውን ጥንቸል «ምን ተገኘ?» ብላ ጠየቀችው።

«አያ ጅቦ ምንጩ ውስጥ ግብጦ ነክሯል! ልጆችሽም እዚያው ናቸው።»

ቀበሮ ክው አለች። ምን እንደ ሆነ ወዲያው ገባት፤ በሕይወቷ እንደዚያ ቀን ሮጣ አታውቅም። ስትደርስ አያ አንበሶ አንድ ጣሳ ውሃ ይዞ «ለጅቦ መልካም ጠባይ!» ሊል አፉን ከፍቷል። ትንሿ ልጇም ምንጩ ላይ አጎንብሳለች።

«አትጠጡ! ዘንዶ ገብቶበታል!»

«ባለፈው ሳምንትም ዘንዶ መጣ ብለሽ ስንሸሽ ዶሮ ጎድሎ ነበር» አለች አህያ። ሁሉም ሳቀ።

«እሺ ዘንዶ የለም! የባትሪ ድንጋይ ነው! ተረኛዋ እኔ ነበርኩ፤ ሰነፍኩና አጥንት ነው ብዬ ለጅቦ ሰጠሁት! የትኋን መርዝም አለበት! ልጄ፣ በናትሽ አትጠጪ!»

«ይኼ ደግሞ ከዘንዶውም ይብሳል» አለች አህያ ሆዷን ይዛ እየሳቀች። «ቀበሮ ጥፋቷን ስታምን ማን አይቶ ያውቃል?»

እውነት ተናግራ የሚያምናት ስታጣ ቀበሮ ውሃው ውስጥ ዘላ ገባች። ልጇን በግንባሯ ገፍታ አስወጣቻት፤ ከረጢቱንም በጥርሷ ይዛ ጎተተች። ጅቦ «ሌባ! ግብጦዬን!» ብሎ በሌላው ጫፍ ያዘ። እሷ ስትጎትት፣ እሱ ሲጎትት፣ ሁለቱም ዳር ወጥተው ተንከባለሉ፤ ገመዱም ተፈታና የዛገውና ጥቁር ዝቃጭ የሚያዣው የባትሪ ድንጋይ ሁሉ፣ ባለ መርዙም ጠርሙስ፣ አያ አንበሶ እግር ሥር ተዘረገፈ።

ሳቁ ጠፋ። አንበሶ ጣሳውን ቀስ ብሎ ደፋ። አህያም ግብጦ አለመሆኑን ስታይ ከጅቦ አጠገብ ሦስት እርምጃ ፈቀቅ አለች።

«ጠጥተሻል?» አለች ቀበሮ ልጇን አገላብጣ እያየች። «ንገሪኝ፣ ጠጥተሻል?»

«ልጠጣ ስል ገፋሽኝ» አለች ልጅቷ እያለቀሰች። ቀበሮም አብራት አለቀሰች፤ ያ ለቅሶ እንኳ የተንኮል አልነበረም።

አንበሶ ፈረደ። ከረጢቱ በዚያችው ሰዓት ወደ ጉድጓዱ እንዲሄድ፣ ምንጩ ተጠርጎ እስኪጸዳ ማንም እንዳይቀዳ፣ እስከዚያም ድረስ የመንደሩን ውሃ ከወንዝ ቀበሮ እንድታመላልስ።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ሁለት ሰዓት ቁልቁል፣ ሁለት ሰዓት ሽቅብ ሆነ። አንድ ቀን ትንሿ ልጇ በር ላይ በጥም ምላሷን አውጥታ ጠበቀቻት፤ ከጄሪካኑ እስክትረካ ጠጣችና ቀና አለች።

«እማዬ፣ ወንዙ በጣም ሩቅ ነው?»

ቀበሮ መሬት ላይ ተዘረጋች። «ከጉድጓዱ ይርቃል፣ ልጄ።»

ከዚህ የምንማረው፣ የቤቱን መርዛም ቆሻሻ ወደ ተዘጋጀለት ቦታ ማድረስ ታክቶት በሌላ ላይ የሚጥል፣ ዞሮ ዞሮ ለገዛ ልጆቹ እንደሚያጠጣው ነው።