እናኑና የገመዱ ልክ

ወንዙ ከዋርካው በስተጀርባ ይወርድ፣ መሬትም በገመድ ይለካ በነበረበት ዘመን፣ በወይራ አፋፍ እናኑ የምትባል ባልቴት ነበረች። የራሷ መሬት አልነበራትም። በሰው አውድማ እህል እያበጠረች ትኖር ነበር። ፊደል አልቆጠረችም።

በዚያው መንደር ደምለው የሚባል ወጣት ነበር። አባቱ ሁለት ማሳ ትቶ ሞተ። አንዱ ሰፊ ነው፤ ሌላው የወንዙን ዳር ይዞ እንደ መቀነት የቀጠነ ነው። ሽማግሌዎች የሁለቱንም ዙሪያ በገመድ ለኩ። እኩል ሆነ። ሰፊውን ለታላቅ ወንድሙ ለባየ፣ ቀጭኑን ለደምለው ሰጡ። ደምለው እጮኛ ነበረችው። አባቷ፣ ልጄ ከዚያ ማሳ ምን ትበላለች ብሎ ሰርጉን አቆየው። ደምለው እንደተጎዳ ሆዱ ያውቃል፤ እንዴት ብሎ እንደሚናገር ግን አያውቅም። ገመዱ እኩል ነዋ።

እናኑ፣ እኩል አይደለም አለች። ሽማግሌዎቹ ሳቁ። አንዱ፣ "እብቁ ዓይንሽ ገብቶ ይሆናል፣ እናኑ" አላት።

እሷም አውድማው ላይ የክር ጫፍና ጫፍ ገጥማ ሰፋ አድርጋ ዘረጋችው። ውስጡን ባቄላ ደረደረችበት። ሦስት እፍኝ ያዘ። ያንኑ ክር ጎትታ አቀጠነችው። አንድ እፍኝ ያዘ። ክሩ ያው ነው፤ ባቄላው ሦስት ለአንድ። ሳቁ ቆመ። ባየ ግን፣ መሬት ባቄላ አይደለም አለ።

እንግዲያው ይታረስ አለች። አንድ ጥማድ በሬ ሁለቱንም አረሰ። ሰፊው ሦስት ቀን ፈጀ፣ ቀጭኑ አንድ ቀን። ሦስት ለአንድ። ባየ፣ በሬው ለግሞብኝ ነው አለ።

እንግዲያው ይዘራ አለች። ዘሪው ግን ራሱ ባየ ይሁን አለች።

"ልጄ ባየ፣ እጅህ ያውቃል። እንደ ልማድህ ዝራ።"

መንደሩ ወጥቶ ቆመ። ባየ የተመሰከረለት ዘሪ ነበር፤ በሰው ፊት ዘሩን አዛብቶ እጁን ማበላሸት አልሆነለትም። ቀጭኑን ዘራ። አንድ ቁና ገብስ በቃው። ሰፊውን ዘራ። አንድ ቁና አለቀ። ሁለተኛው አለቀ። ሦስተኛው ከማሳው ዳር ሲደርስ አለቀ። ባየ ባዶውን ቁና መሬት አስቀመጠ።

"ወንድሜን በድያለሁ" አለ።

ሽማግሌዎቹ ገመዱን ጣሉ። የተዘራውን አራት ቁና ለሁለት ቢከፍሉት ለእያንዳንዱ ሁለት ደረሰ፤ ከሰፊው ማሳ የአንድ ቁና ዘር መሬት ለደምለው ተቆረሰለት። ሰርጉም ሆነ።

በመከር ደምለው ምርቱን ሊሰፍር አውድማ ወጣ። የመጀመሪያውን ቁና አነሳ። አንድ ሊል ነበር፤ አላለም። "እናኑ" አለ። ከዚያ ሁለት፣ ሦስት እያለ ቀጠለ።

ስለዚህ በወይራ አፋፍ መሬት ስንት ገመድ ነው አይባልም፤ ስንት ቁና ዘር ይበላል ይባላል። አውድማ ላይም አንድ ተብሎ አይጀመርም። የመንደሩ ልጆች ትምህርት ቤት ገብተው "እናኑ፣ ሁለት፣ ሦስት" ሲሉ መምህሩ ያርሟቸው ነበር። አንድ ዓመት በመከር መምህሩ ራሳቸው አውድማ ወጥተው ቆጠራውን ሰሙ። ከዚያ ወዲህ አያርሙም።