ዳንቴል የለበሰው ኮምፒውተር

ወሬያችሁን ተዉና ወደዚህ ጠጋ በሉ፤ ተረት ላወጋችሁ ነው። ዕቃ ሁሉ አፍ አውጥቶ ይናገር በነበረበት ዘመን፣ ድመትም ከሰው ጋር ቁጭ ብላ ታወራ በነበረበት ዘመን፣ አዳማ ከተማ ውስጥ ወይዘሮ የሺመቤት የሚባሉ ሴት ነበሩ።

ባላቸው አቶ ገረመው የሰርግ ቪዲዮ ቀራጭ ነበሩ። በሰፈሩ ማን ዳረ፣ ማን ተዳረ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሁሉንም በካሜራቸው ቀርጸዋል። ሲያርፉ ያ ሁሉ የቀረው በአንድ ሃርድ ዲስክ ላይ ነበር። በውስጡ የሰፈሩ ሙሽሮች አሉ፤ ዛሬ በሕይወት የሌሉ እናቶች እልል ሲሉ አሉ። ከካሜራው ጀርባ ደግሞ የአቶ ገረመው ድምፅ አለ። ሰውየው ሌላውን ሲቀርጹ ኖሩ እንጂ ራሳቸውን አንድ ቀን ቀርጸው አያውቁም። ለወይዘሮ የሺመቤት ከባላቸው የቀረላቸው ድምፅ እሱ ብቻ ነው።

አንድ ቀን ታዲያ ሃርድ ዲስኩ ጢቅ፣ ጢቅ፣ ጢቅ ማለት ጀመረ።

«እመቤቴ፣ እኔ አርጅቻለሁ» አላቸው። «ሳልሞት ሸክሜን የሚቀበለኝ ቤት ይፈልጉልኝ።»

ወይዘሮ የሺመቤት ጊዜ አላጠፉም። ነጠላቸውን ጣል አደረጉ፣ ሃርድ ዲስኩን በመሀረብ ጠቀለሉ፣ ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱና ወደ ኮምፒውተር ሱቅ ገሰገሱ። ድመታቸው ሻሼ፣ ምሳዬን ሳይሰጡኝ የት ነው እያለች እስከ በር ሸኘቻቸው።

ሱቁ ውስጥ ሦስት ኮምፒውተሮች ገዢ ይጠብቁ ነበር። የመጀመሪያው ጎኑ መስታወት ነው፤ በውስጡ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ መብራት ይዞርበታል። ሴትዮዋ ገና እግራቸው ሳይገባ ስለ ራሱ ማውራት ጀመረ። የማያጫውተው ጨዋታ እንደሌለ፣ በፍጥነት የሚደርስበት እንዳልተፈጠረ ሳይተነፍስ ነገራቸው። ስንት ሃርድ ዲስክ እንደሚይዝ ቢጠይቁት፣ ቦታው ያለኝ ለአንድ ነው፣ ግን መብራቴን አዩልኝ ወይ አለ። ለመብራትማ አምፖል አላቸው፤ አለፉት።

ሁለተኛዋ ቀጭን ላፕቶፕ ናት፤ አንደበቷ ማር ነው። እኔ ቀላል ነኝ፣ ለቅሶም ቢሄዱ፣ ሰርግም ቢሄዱ አብሬ እሄዳለሁ አለቻቸው። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ የሴትዮዋ ልብ ሸፍቶ ነበር። ከቦርሳ ውስጥ ግን ሃርድ ዲስኩ ጢቅ አለ።

«ይዘውት የሚዞሩት ዕቃ ይወድቃል፣ ይሰረቃል። እኔ ቤት አልኩ እንጂ መንገደኛ አላልኩም።»

ሦስተኛው ጥግ ላይ ነበር። ከአንድ መሥሪያ ቤት የወጣ፣ ጥቁር፣ አቧራ የጠጣ፣ የንብረት ቁጥሩ እንኳ ከጎኑ ያልተላጠ አሮጌ። ስለ ራሱ አንድ ቃል አልተናገረም። ይልቅ ጠየቃቸው።

«የሚቀመጠው ምንድን ነው?»

«የሰው ሰርግና የባሌ ድምፅ።»

«መብራት ይጠፋል?»

«እሱንማ ምን ትጠይቀኛለህ ልጄ።»

«ድምፁ ቢጠፋብዎ መልሰው ያገኙታል?»

ወይዘሮ የሺመቤት ቦርሳቸውን ወደ ደረታቸው አስጠጉ። ዓይናቸው እንባ ሞላ።

«እንግዲያው መብራት ሲጠፋ ቀስ ብዬ የምዘጋበት ፋታ የሚሰጠኝ ባትሪ ይግዙልኝ» አለ አሮጌው። «ሁለት እኩል ሃርድ ዲስክም ያስገቡልኝ። አንዱ የያዘውን ሌላውም ይያዝ። የአንዱ ቀን ሲደርስ ሌላው ይኖራል።»

ዕቃ ማለት እንዲህ ነው! እኔ በዕድሜዬ እንዲህ ያለ አስተዋይ ሰው እንኳ ብዙ አላየሁም።

ባትሪውንና ሁለት መንትያ ሃርድ ዲስኮች ገዙለት፤ ይዘውት ቤት ገቡ። የድሮው ሃርድ ዲስክ ከጠዋት እስከ ማታ እየቃተተ ሸክሙን ለሁለቱ መንትዮች አስረከበ። አንድ ሰርግ አላጎደለም፣ አንድ እልልታ አላስቀረም። ጨረሰና «አሁን አረፍኩ» አለ። ከዚያ በኋላ ጢቅ አላለም።

ወይዘሮ የሺመቤት አዲሱን እንግዳቸውን ቡፌው ላይ አስቀመጡት። እሳቸው ቤት ደግሞ የተከበረ ዕቃ ራቁቱን አይቀመጥም። ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ለብሷል፣ ሬዲዮው ለብሷል፣ ፍሪጁም ለብሷል። ለኮምፒውተሩ ስድስት ወር የሠሩትን ነጭ ዳንቴል አወጡና ከአናቱ እስከ እግሩ አለበሱት።

ኮምፒውተሩ ትንፋሽ አጠረው። ሙቀቱ የአዳማ ነው፤ ማራገቢያው ቢዞር ቢዞር አየር አያገኝም። ግን ይሉኝታ ያዘው። በእጃቸው ሠርተው ያለበሱትን እንዴት አውልቁልኝ ይበል? አንድ ቀን ዝም አለ። ሁለተኛውንም ቀን ዝም አለ። በሦስተኛው ቀን ሻሼ ላዩ ላይ ልትተኛ ወጣችና ወዲያው ዘላ ወረደች።

«እትዬ፣ ይሄ ሰውዬ ትኩሳት አለበት» አለች። «ሙቀት የምወደው እኔ እንኳ ሆዴን አቃጠለኝ።»

ሴትዮዋ ሮጠው ዳንቴሉን ገፈፉት። ትኩስ አየር ፊታቸውን መታው። ያን ጊዜ ከመንትዮቹ አንዱ ጢቅ አለና ጸጥ አለ። ወይዘሮ የሺመቤት ደረታቸውን መቱ።

«ገደልኩት» አሉ። «በገዛ እጄ ገደልኩት።»

«ጥፋቱ የእኔም ነው፤ መናገር ሲገባኝ አፈርኩ» አለ ኮምፒውተሩ አንገቱን ደፍቶ።

ከውስጡ ግን ቀጭን ድምፅ ተሰማ። ሁለተኛው መንትያ ነበር። እኔ አለሁ፣ ምንም አልጎደለም፣ ካላመኑኝ ይክፈቱና ይዩ አለ።

ያገኙትን ቪዲዮ ከፈቱ። የጎረቤት ልጅ ሰርግ ነው፤ ሙሽራዋ ከመኪና ትወርዳለች፣ እናቷ እልል ትላለች። ድንገት ምስሉ በነጭ ጥልፍ ተሸፈነ። ከካሜራው ጀርባ አቶ ገረመው ሲነጫነጩ ተሰሙ።

«የሺዬ፣ ካሜራዬን ዳንቴል አታልብሺብኝ ብዬ ስንቴ ልንገርሽ?»

ወይዘሮ የሺመቤት ሳቁ፤ እየሳቁም አለቀሱ። መልሰው ከፈቱት። ሦስት ጊዜ ሰሙት።

በማግስቱ ለሞተው መንትያ ምትክ ገባለት። ዳንቴሉም አልተጣለም፤ ከኮምፒውተሩ ሥር ተነጠፈ። ሻሼም ከአጠገቡ ተኝታ ትኩሳቱን ትለካለች።

እናንተም ዕቃ ስትመርጡ የሚጠይቃችሁን ምረጡ፤ ቤት ካስገባችሁት በኋላ ደግሞ እናንተ ጠይቁት። እኔ ተረቴን አስረክቤያለሁ፤ ሁለት ሆናችሁ ያዙልኝ።