ደጋ ላይ የበቀለ ሎሚ

አንድ ሰው ነበረ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን አስቀድሜ የምነግርሽ፣ ቤዛዊት፣ ታሪኩ ውስጥ ክፉ ሰው ስትፈልጊ እንዳትደክሚ ነው። «ማንንም አልወጋ፣ የማንንም ደም አልቀዳ፣ ስም እንኳ አልጽፍ፤ ታዲያ ለመመረቂያ ጥናቴ ለምን የሥነ ምግባር ኮሚቴ ደጅ እጠናለሁ?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። እንግዲህ ስሚ።

ሰውየው ብርዱ አጥንት በሚሰብር ደጋ የሚኖር መድኃኒት አዋቂ ነበር። የሚጥል በሽታ የነበረበት ወንድሙ እሳት ላይ ወድቆ ሞቶበታል። ከዚያ ወዲህ ይህን በሽታ ምን እንደሚያስነሳውና ምን እንደሚያስታግሠው ሳላውቅ አልሞትም ብሎ ቆረጠ፤ ከቤት ቤት እየዞረም ሕመምተኞችን ሊጠይቅ ተነሣ።

በዚያ አገር አንድ ደንብ ነበረ። ለመንደሩ አዲስ ነገር የሚያመጣ ሰው ሁሉ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከወይራው ሥር ለሚቀመጡ ሦስት ሽማግሌዎች አስቀድሞ ይናገራል። ቀፎ የሚሰቅለውን «አፉ ወደ ማን መንገድ ነው?» ይሉታል። ቦይ የሚቀድደውን «ውኃው ማን ማሳ ላይ ይወርዳል?» ይሉታል። ነገር ያበዛሉ። አንዱማ ጆሮው ስለከዳው ሁሉ ነገር ሁለቴ ይነገረዋል፤ በዚህ መሐል ቀኑ ይመሽና ለሌላ እሑድ ይቀጠራል። ሰውየው ይህን ሲያስበው ገና ሰለቸው። «እኔ ቀፎ አልሰቀልኩ፣ ቦይ አልቀደድኩ» አለ በልቡ። «የምሰበስበው ቃል ነው። ቃል ማንን ይነድፋል?» ወይራውንም ሸሽቶ በሌላ መንገድ ሄደ።

ከጠየቃቸው ሁሉ የጠቀመችው አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ናት። በሽታውን ከእናቷ ወርሳው ሃያ ዓመት ደብቃዋለች፤ ሲመጣባት ስለሚታወቃት ጓዳ ገብታ በሩን ትዘጋለች። አንዲት ሴት ልጅ አለቻት። ልጅቷ ታጭታለች፣ ሠርጓ ከፋሲካ በኋላ ነው። በዚያ አገር ደግሞ የሚጥል በሽታ ካለበት ቤት ልጅ የሚወስድ የለም። ሰውየው «ስምሽን አልጠራም» ብሎ ማለላት። እሷም በሃያ ዓመት ውስጥ ስለዚህ ነገር «እንዴት ነሽ?» ያላት ሰው አልነበረምና ሁሉን ነገረችው። ሕመሙ ሲጀማምራት ከጓሮዋ የሎሚ ቅጠል ቀጥፋ፣ በእጇ ጨምድዳ ታሸታለች፤ አንዳንዴም ይመለስላታል። ሎሚውን ባሏ በሕይወት ሳለ ከቆላ ችግኝ አምጥቶ፣ ከቤቱ ጀርባ ነፋስ በማያገኘው ጥግ የተከለላት ነው።

ሰውየው የሚያደርገው ጠፋው፤ ያን ያህል ደስ አለው። በሆሳዕና ዕለት ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ቆሞ ተናገረ። መሐላውን አላፈረሰም፣ ስም አልጠራም። «አንዲት ሴት አለች» አለ። «ከእናቷ የወረሰችው የሚጥል በሽታ አለባት። ሲጀማምራት ከጓሮዋ የሎሚ ቅጠል ቀጥፋ ታሸታለች፤ ይተዋታል። እናንተም ሞክሩት።»

የሕዝቡ አንገት ሁሉ ወደ አንድ ወገን ዞረ። ሰውየው ያንን ዛፍ ያውቀዋል፣ በአጠገቡ ስንት ጊዜ አልፏል። በዚያ ሰዓት ግን የሚታየው ያገኘው ነገር እንጂ ዛፉ አልነበረም።

ፋሲካ እንዳለፈ የሙሽራው አባት ሁለት ሰዎች ላከ። ጨዋዎች ናቸው፤ «ዘንድሮ እህሉም አልሰመረ፣ ሠርጉን እናቆየው» አሉ። እናቲቱም ጨዋ ናት፤ እስከ መቼ ብላ አልጠየቀችም። ካፍ ከወጣ አፋፍ።

ሰውየው ይህን ሲሰማ ይቅርታ ሊጠይቅ ሮጠ። ሴትዮዋን ከቤቷ ጀርባ አገኛት። ሎሚውን ከሥሩ ቆርጣ ጥላዋለች፤ መጥረቢያው ገና ከእጇ አልወረደም።

«ምነው! መድኃኒትሽን?» አላት።

«ይኸው ወንድሜ» አለችው፣ «ከእንግዲህ ምልክት የለኝም።»

ልጅቷ ከበሩ ቆማ ታየው ነበር። አልሰደበችውም። ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

እሑድ ሲደርስም በቀጥታ ወደ ወይራው ሄደ። ጆሮው የከዳው ሽማግሌ እንደ ልማዱ ሁለቴ አስነገረውና ጠየቀው፦ «በዚህ ደጋ የሎሚ ዛፍ ያለው ስንት ቤት ነው?»

«አንድ ነው፣ አባቴ።»

«እኛም የምንጠይቅህ ይህንኑ ነበር» አለው ሽማግሌው።

እንግዲህ ቤዛዊት፣ ያ ሰው አንቺ ነሽ። አትቆጪ፤ እኔም በጊዜዬ ነበርኩ። ወይራው ኮሚቴው ነው። ያዘገያል፣ ነገር ያበዛል፣ ጆሮው የከዳም አይጠፋበትም፤ በዚህ አልከራከርሽም። ስለ ተማሪዎች ጭንቀት ለመነሻ ብለሽ የጻፍሽውን አንብቤዋለሁ። መልካም ሥራ ነው፣ እንዳልሽውም ስም የለበትም። አራተኛው ገጽ ላይ ግን «ከመንታ እኅቷ ጋር የምትማር አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ የጭንቀት መድኃኒት በድብቅ እንደምትወስድ ነገረችኝ፤ እኅቷ እንኳ አታውቅም» ይላል። እስቲ ንገሪኝ፣ በዚህ ግቢ ሁለተኛ ዓመት ላይ ስንት መንታ እኅትማማቾች አሉ?

ኮሚቴው የሚሰበሰበው ማክሰኞ ነው። ወረቀትሽን ይዘሽ ሂጂና ተራሽን ጠብቂ፤ የዚች ልጅ ሎሚ ገና አልተቆረጠም።